ከቀለሙ ሥር ያለው ሥራ

የአንድ ዘመናዊ አውቶሞቢል በር ውጫዊ ላሜራ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ላሜራው የለበሰው የፋብሪካ ቀለም ደግሞ ንብርብሮቹ ሁሉ ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በአዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ባለው መጨናነቅ ውስጥ የሚኒባስ ባምፐር የሚተወው ጭረት፣ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ማቆሚያ የጎረቤት መኪና በር ሲከፈት የሚፈጥረው ስርጉድ፣ ባጃጅ ሾልኮ ሲያልፍ የሚያደርሰው ፍቅታ፣ ሁሉም የሚያርፉት በዚህ እጅግ ስስ በሆነ ልባስ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት መኪናውን ከመንዳት አያግድም፤ ሞተሩንም ሆነ ፍሬኑን አይነካም፤ ነገር ግን ወደ ነበረበት ለመመለስ ብረት ቅጥቀጣን፣ የኬሚካል ቅመማንና ቀለም ማዛመድን በአንድነት የሚጠይቅ ረቂቅ ሥራ ይፈልጋል። የዚህ ሥራ ልዩ ጠባይ ደንበኛው የሚከፍልበት ክፍልና የጥገናውን ዕድሜ የሚወስነው ክፍል የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ ደንበኛው አይቶ የሚከፍለው ለላይኛው ቀለም ሲሆን፣ ጥገናው ሁለት ክረምት መሻገር አለመሻገሩን የሚወስነው ግን ቀለሙ ከሸፈነው በኋላ ማንም ሊያየው የማይችለው የታችኛው ሥራ ነው።

በአዲስ አበባ ትንሽ ጭረት ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው መኪና ከመጓጓዣነቱ ባሻገር የቤተሰብ ጥሪት በመሆኑ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ናረ። እነዚህ እርምጃዎች ተደራርበው በሌላ አገር ለቁርጥራጭ ብረት በሚሸጡበት ዕድሜ ላይ ያሉ ቪትዞችና ኮሮላዎች እዚህ ተፈላጊ ንብረት ሆነው እንዲቀጥሉ አድርገዋል። ሻጭ ስለ መኪናው ሲናገር ከሞተሩ አስቀድሞ «ቀለም አልነካውም» የሚለው፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ዳግመኛ አልተቀባም፣ ስለዚህም አልተጋጨም ለማለት ነው፤ ገዢውም ይህንን ቃል በዋጋ ይመዝነዋል። በመሆኑም የመኪና ባለቤት በሩ ላይ ጭረት ሲያገኝ የሚያሰላው የመልኩን ነገር ብቻ አይደለም፤ ጭረቱን ትቶ መሸጥ ይሻላል ወይስ አስቀብቶ «ቀለም የነካው» መባል የሚለውንም ጭምር ነው።

ይህንን ለመመለስ የፋብሪካውን ቀለም አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። መኪናው ሲሠራ የብረት አካሉ በሙሉ በኬሚካል መታጠቢያ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል ዝገት ተከላካይ ልባስ ይለብሳል፤ ይህ 20 ማይክሮን ገደማ የሚሆነው ንብርብር እጅ ወደማይደርስበት የበር ውስጠኛ ማዕዘን ሁሉ የሚገባ በመሆኑ የትኛውም ጋራዥ በትክክል ሊተካው አይችልም። በላዩ መሠረቱን የሚያስተካክለው ፕራይመር፣ ከዚያ መኪናውን ነጭ ወይም ብርማ የሚያሰኘው የቀለም ንብርብር ይከተላሉ፤ ይህ ቀለም ሰጪ ንብርብር ከሁሉም ስስ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 15 ማይክሮን ገደማ ነው። በመጨረሻ የሚመጣው በጋራዥ ቋንቋ «ክሊር» የሚባለው፣ ቀለም አልባና አንጸባራቂ የሆነው ሽፋን ነው፤ ፀሐይን የሚመክተውም፣ መኪናውን የሚያብረቀርቀውም እርሱ ነው። ጭረት የቱ ድረስ እንደ ዘለቀ ለማወቅ ባለሙያዎች ጥፍራቸውን በጭረቱ ላይ አግድም ያሻግራሉ። ጥፍሩ ሳይደናቀፍ ካለፈ ጉዳቱ በክሊሩ ውስጥ የቀረ በመሆኑ በፖሊሽ፣ ማለትም ጥቂት ማይክሮን ክሊር ገፎ ጭረቱን በሚያስተካክል የማለስለሻ ቅባት፣ ይጠፋል። ጥፍሩ ከያዘ ግን መቀባት ግድ ነው፤ ነጭ ወይም ጥቁር ግራጫ መስመር ከታየ ጭረቱ ፕራይመሩ ላይ ደርሷል፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ከታየ ደግሞ ጉዳዩ የመልክ መሆኑ ቀርቶ የዝገት ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለ መኪናዎች የሚቸኩሉበት ነገር አለ። ክሊሩን ብቻ የነካ ጭረት፣ በተለይ በተደጋጋሚ እጥበትና በአቧራማ ጨርቅ የመጣ ከሆነ፣ እንዲቀባ መስጠት ትርፉ ጥቂት፣ ኪሳራው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ከፍ ባለ ሙቀት ጋግሮ ያጠነከረውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ገፎ፣ ከዚያ ባነሰ ሙቀት በሚደርቅ ቀለም መተካት ይሆናል። በአንጻሩ ብረት ያጋለጠ ትንሽ ነጥብ፣ ከሩቅ የማይታይ ቢሆን እንኳ፣ ሊዘገይ አይገባም። የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደረቅ በመሆኑና ከተማዋ ከባሕር ርቃ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመገኘቷ ዝገት እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች አይፈጥንም፤ ነገር ግን በሰኔ የተገለጠ ብረት እስከ መስከረም ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ ዝገቱ በቀለሙ ሥር ወደ ጎን ስለሚሄድ፣ ነጥብ የነበረው የእጅ መዳፍ ያህል የሚላጥ ቀለም ይሆናል።

በጎፋና በቄራ አካባቢ ባሉ የጋራዥ ግቢዎች የሚታየው የሥራ ቀን የሚጀምረው በጠዋት በመዶሻ ድምፅ ነው። በአንዱ ግቢ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ግራ የኋላ በሯ በበር ብረት ተገፍቶ የሰረጎደ ብርማ ቪትዝ ቆማለች። ስርጉዱ የሰሃን ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ በላይኛው ጠርዙ በሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን የቅርጽ መስመር አጥፎታል። ባትላሜራው፣ ማለትም የተጣመመ የመኪና አካል በመቀጥቀጥ የሚያቀናው ባለሙያ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው መዶሻ ማንሳት ሳይሆን መዳፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ በሩን ከጤነኛው በኩል ወደ ተጎዳው ቀስ እያደረገ መዳሰስ ነው፤ ጨርቁ የቆዳን መያዝ ስለሚቀንስ፣ ዓይን የማይለየውን ከፍታና ዝቅታ ጣት እንዲያነብ ያደርገዋል። ባለ መኪናዋ ከጀርባው ቆማ «ጋሼ፣ እሑድ ሠርግ ስላለብን እስከ ቅዳሜ ይደርስልኛል?» ብላ ትጠይቃለች። እርሱም እጁን ሳያነሳ «እህቴ፣ ቀለሙማ ነገም ይደርሳል፤ የማይደርሰው ስቱኮው ነው» ይላል። ስቱኮ የተባለው በላሜራው ላይ የቀሩ ትንንሽ ጉድጓዶችን ለመሙላት የሚቀባው ሊጥ ነው፤ የባለሙያው መልስ አጭር ቢሆንም፣ ከዚህ በታች የሚተነተነውን ችግር በሙሉ የያዘ ነው።

ብረት ሲመታ ሁለት ዓይነት ለውጥ ያሳያል። አንዱ ግፊቱ ሲነሳ ራሱን የሚመልስ መለጠጥ ሲሆን፣ ሌላው ብረቱ አቅሙን አልፎ የታጠፈበትና በዚያው የቀረበት ቋሚ ቅርጽ ነው። ሰፊ መስሎ በሚታይ ስርጉድ ውስጥ በእውነት የታጠፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ የተቀረው በእጥፋቱ ተይዞ ወደ ውስጥ የተሳበና እጥፋቱ ሲፈታ በራሱ የሚመለስ ላሜራ ነው። ስለዚህ ጥሩ ባትላሜራ የስርጉዱን መሐል አይደበድብም፤ እጥፋቱን ፈልጎ፣ መጨረሻ የተፈጠረውን መጀመሪያ እየፈታ፣ የግጭቱን ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ይሄድበታል። የበሩን የውስጥ ልባስና የመስኮቱን ማውረጃ ከነቀለ በኋላ፣ በአንድ እጁ ከላሜራው ጀርባ ጠፍጣፋና ጎባጣ ገጽ ያለው የብረት መደገፊያ ይይዛል፤ በሌላው ከፊት ለፊት በቀላል መዶሻ ያበጠውን ጠርዝ ይመታል። መደገፊያው ዝቅ ያለውን ከኋላ ሲገፋ፣ መዶሻው ከፍ ያለውን ከፊት ሲያወርድ፣ ሁለቱ ኃይሎች አንድ ቦታ ላይ ሳይገናኙ ጎን ለጎን ይሠራሉ። መዶሻው በቀጥታ በመደገፊያው ትይዩ ሲያርፍ የሚሰማው ጠንከር ያለ ጩኸት ላሜራው በሁለቱ መካከል ተጨፍልቆ መሳሳቱንና መለጠጡን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ልምድ ያለው ሰው ድምፁን ሰምቶ እጁን ያስተካክላል። የተመታ ብረት እየጠነከረ፣ እየገተረ ስለሚሄድ የምቱ ብዛትም ዋጋ አለው፤ በሃያ ምት የቀናና በመቶ ምት የቀና ላሜራ መልካቸው አንድ ቢሆንም የመቶው ተለጥጦና ደድሮ በአውራ ጣት ሲጫኑት «ጧ» እያለ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚዘል ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የተለጠጠውን ቦታ በጥቂቱ አሙቆ በፍጥነት በማቀዝቀዝ ማኮማተር ይቻላል፤ ይህ ግን በምሰሶዎችና በሌሎች የመሸከሚያ ክፍሎች ላይ በሚገኘው ከፍተኛ ጥንካሬ ባለው ብረት ላይ ፈጽሞ አይደረግም፣ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያሳጣዋልና።

ከጀርባው እጅ የማይገባበት ቦታ ሲሆን ላሜራው ከፊት ይሳባል። አሮጌው ዘዴ ላሜራውን በመሰርሰሪያ መብሳት፣ በቀዳዳው ቪቴ ማስገባትና በሚንሸራተት መዶሻ መጎተት ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ኋላ በስቱኮ ይደፈናሉ። ይህ ዘዴ ዛሬም በአንዳንድ ግቢ ሲሠራበት ይታያል፤ ሊነቀፍም ይገባል፤ ከጀርባ የተተወው እያንዳንዱ ቀዳዳ በበሩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ስቱኮውን ከሥሩ የሚያገኝበት በር ነውና። የተሻለው ትንንሽ የብረት ቀለበቶችን በአጭር የኤሌክትሪክ ብየዳ በላሜራው ላይ አጣብቆ፣ በእነርሱ ስቦ፣ ከዚያ ቀለበቶቹን ጠምዝዞ ማላቀቅ ነው። ቀለሙ ሳይሰነጠቅ የሰረጎደ ከሆነ ደግሞ ያለ ቀለም የሚሠራ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ባለሙያው ረጅምና ቀጭን ብረት በበሩ ውስጥ አሳልፎ፣ በላሜራው ላይ የሚንጸባረቀውን የመብራት መስመር እያየ፣ ጠማማው መስመር እስኪቃና ድረስ ከሥር በጥቂት በጥቂቱ ይገፋል። ይህ ሥራ ቀለሙን ስለማይነካ የመኪናውን የገበያ ዋጋ ይጠብቃል፤ የቅርጽ መስመር ላይ ላረፈና ጠርዙ ለተሰበረ ስርጉድ ግን አይሆንም፤ የቪትዟም በር የዚህ ዓይነት ዕድል አልነበረውም።

ብዙ ጥገና የሚበላሸው ከዚህ በኋላ በሚመጣው በስቱኮው ደረጃ ነው። ስቱኮ ፖሊስተር ሙጫና እንደ ታልክ ያለ የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ሊጥ ሲሆን፣ ለብቻው አይደርቅም፤ ከትንሽ ቱቦ የሚወጣ ማጠንከሪያ፣ ከክብደቱ ሁለት በመቶ ገደማ፣ ሲጨመርበት በኬሚካል መስተጋብር ይሞቅና በደቂቃዎች ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። ማጠንከሪያው ሲያንስ ስቱኮው እንደ ለሰለሰ ይቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ ከመጠን በላይ የሆነው ኬሚካል ወደ ላይ ሰርጎ ቀለሙን ከሳምንታት በኋላ ያበላሸዋል። በግቢው የሚሠራው ወጣት ግን ሚዛን የለውም፤ በካርቶን ቁራጭ ላይ በስፓቱላ ያማስላል፤ መጠኑን የሚያውቀው በሊጡ መልክ መለወጥ ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ቶሎ እንዲደርቅለት ቱቦውን ትንሽ ጫን ማድረጉም የተለመደ ነው። ይህ የቸኮለ እጅ ቀለሙ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ በዕለቱ አይታይም።

የውፍረቱ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ብረቱ በደንብ ከቀና ስቱኮው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ባትላሜራው ግን ለሰዓቱ የሚከፈለው ጥቂት ከሆነ፣ ብረቱን በግማሽ አቅንቶ ቀሪውን በስቱኮ መሙላት ሥራውን በግማሽ ቀን ያሳጥርለታል፤ አምስት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የተሞላ በርም ከላይ ሲታይ ከተቀናው በር አይለይም። ልዩነቱ ብረትና ስቱኮ በፀሐይ እኩል አለመስፋታቸው፣ በሩም በየቀኑ መከፈቱና መዘጋቱ ነው፤ ወፍራሙ ስቱኮ ከጊዜ በኋላ በጠርዙ በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል። እዚህ ላይ በብዙ ጋራዦች ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ስቱኮ በውሃ መፈግፈግ። በውሃ የተነከረ ብርጭቆ ወረቀት አቧራ አያስነሳም፣ ቶሎም አይደፈንም፤ ስለዚህ ሠራተኞች ይወዱታል። ይሁን እንጂ ስቱኮ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚጠጣ ቁስ በመሆኑ፣ የጠጣው ውሃ ሳይወጣ በፕራይመርና በቀለም ከታሸገ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ተን ሆኖ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። በመስከረም ወር አዲስ አበባ ላይ በሚታዩ መኪኖች በር ላይ እንደ ሽፍታ የሚወጡት ጥቃቅን ፊኛዎች አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ናቸው፤ ባለቤቱም ቀለሙን ያማል እንጂ ብርጭቆ ወረቀቱን አያስታውስም።

ትክክለኛው መንገድ ደረቅ መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ቅርጹ ይወጣል፤ ቀጥሎ በ180፣ ከዚያ በ320 የቀደመው ወረቀት የተወው ጭረት ይጠፋል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን አሸዋው የደቀቀ ነው፤ ከ80 ዘልሎ ወደ 320 የሚሄድ ሰው የሰማንያውን ጭረት ቀብሮ ያልፋል እንጂ አያጠፋውም። በቪትዟ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ወረቀቱን በእጁ አይዝም፤ በተስተካከለ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ነው የሚፈገፍገው፤ ጣት የራሱን ቅርጽ በስቱኮው ላይ ስለሚተው፣ ከዚያም በጎን ሲታይ የሚወዛወዝ በር ስለሚወጣ ነው። በመካከል ጥቁር ዱቄት በስሱ ይነፋበታል፤ ሲፈገፈግ ከፍ ያለው ቦታ ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ሆኖ ስህተቱ ራሱን ይጠቁማል። ከዚህ በኋላ ፕራይመር ይረጫል፤ እርሱም ሟሟው እስኪወጣለት ይጠበቃል። ይህ መጠበቅ በደንበኛው ዓይን ሥራ ፈትቶ መዋል ይመስላል፤ ማንም ሰው መኪናው ላይ እየሠራ አይታይምና። ሊከፈልበት የሚገባው ግን በዋነኛነት ይህ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ካልተሰጠ ፕራይመሩ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ለሳምንታት እየተኮማተረ፣ የስቱኮውን ጠርዝ እንደ ካርታ መስመር ወደ ላይ ያሳያል።

ቀለም ማዛመድ ደንበኛ ሁሉ የሚፈርድበት ክፍል በመሆኑ ጋራዦች የሚጠነቀቁለትም እርሱን ነው። አምራቹ የቀለሙን መለያ በመኪናው ላይ በሚለጠፍ ሳህን ያትመዋል፤ ቶዮታ ላይ ነጩ 040፣ ብርማው 1ኤፍ7 የሚሉ መለያዎች በገበያው የታወቁ ናቸው፤ ቀለም ቀማሚው በዚህ መሠረት በሚዛን ይቀላቅላል። መለያው ግን መነሻ እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ ለዓመታት ፀሐይ የመታው ቀለም ከተወለደበት መልክ ስለሚርቅ፣ ቀማሚው በትንሽ ካርድ ላይ ነፍቶ ከመኪናው ጎን አስጠግቶ ያያል፤ ይህም በፍሎረሰንት መብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን ሊሆን ይገባዋል፤ በአንዱ ብርሃን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ሊለያዩ ስለሚችሉ። ከሁሉም አስቸጋሪው ብርማ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች እንደ ተኙበት አቅጣጫ ብርሃን ስለሚመልሱ፣ ቀለሙ ሲረጭ እርጥብ ከሆነ ይጠቁራል፣ ደረቅ ከሆነ ይነጣል፤ አንድ ዓይነት ቀለም በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት መልክ ይሰጣል። መፍትሔው ቀለሙን በተጠገነው በር ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም ሳይሆን፣ ወደ ጎረቤት ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ኋላ ፓራፋንጎው፣ እየሳሳ እንዲጠፋ ማድረግና ሁለቱንም በክሊር መሸፈን ነው፤ ዓይን ልዩነቱን የሚይዘው በድንበር ላይ በመሆኑ ድንበሩ ሲጠፋ ልዩነቱ አብሮ ይጠፋል። ባለ መኪናዋ ጤነኛው ፓራፋንጎ ለምን እንደ ተነካ መጠየቋ፣ «ቀለም ያልነካው» የሚለውን ዋጋ በማሰብ፣ ትክክል ነው፤ የባለሙያውም መልስ እንዲሁ።

ቀለሙ የሚረጨው በተዘጋ፣ አየሩ በሚጣራና በሚሞቅ ክፍል ቢሆን ባለ ሁለት ቅይጥ ክሊር በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጠነክራል። ክፍሉ የሌላቸው ግቢዎች መሬቱን ውሃ አርከፍክፈው፣ በላስቲክ ሸራ ከልለው ይሠራሉ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት ጠላታቸው ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ስለሚወርድ፣ ኮምፕሬሰሩ ውሃው በየጠዋቱ ካልተደፋለትና በመስመሩ ላይ ማጣሪያ ከሌለው፣ ውሃው ከቀለሙ ጋር ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ግን የቀቢው ትንፋሽ ነው። የክሊሩ ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት የተባሉ ኬሚካሎች አሉት፤ እነዚህ አንድ ጊዜ ሳንባን ካስቆጡ በኋላ በጥቂቱም ቢሆን አስም የሚቀሰቅሱ፣ ሽታቸውም ለማስጠንቀቂያ የማይበቃ ናቸው። ከእነርሱ የሚጠብቀው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚቀበል ጭምብል ነው፤ አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ አቧራውን እንጂ ትነቱን አይዝም። በብዙ ግቢ የሚታየው ጨርቁ ነው።

የፊትና የኋላ ባምፐሮች አብዛኞቹ ፖሊፕሮፒሊን በተባለ ፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው አሠራራቸው ይለያል፤ የጎበጠው በሙቅ ውሃ ወይም በሙቅ አየር ሲለሰልስ ከውስጥ ተገፍቶ ይመለሳል፤ የተሰነጠቀው በጋለ የብረት ሽቦ ተሰፍቶ ይበየዳል። ቀለም በዚህ ፕላስቲክ ላይ በራሱ ስለማይይዝ መጀመሪያ የማጣበቂያ ፈሳሽ ይቀባል፤ ይህ ከተዘለለ ቀለሙ በመኪና እጥበት ግፊት እንደ ልጣጭ ይነሳል። አዲስ ባምፐር ፍለጋ ወደ ሱማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ያገለገለውንና ተመሳስሎ የተሠራውን በአንድ ጎዳና ላይ ያገኛል፤ ተመሳስሎ የተሠራው ርካሽ ቢሆንም ከመብራቱና ከፓራፋንጎው ጋር የሚገጥምበት ክፍተት እኩል አለመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተቀባ በኋላ ስለሆነ፣ ሳይቀባ አስገጥሞ ማየት ይገባል።

ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ በተለይ በትንንሽ ግጭቶች ላይ የተወሳሰበ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው መኪናው በሌላ ሰው ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ያደረሰውን ጉዳት እንጂ የራሱን የባለ መኪናውን በር አይደለም፤ ለዚያ በፈቃድ የሚገባ ሙሉ ሽፋን ያስፈልጋል። ሙሉ ሽፋን ያለውም ቢሆን ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ የተወሰነውን መጠን ራሱ ይከፍላል፤ ካሳ ሳይጠይቅ በቆየባቸው ዓመታት ያገኘው የዓረቦን ቅናሽም ሊቀርበት ይችላል። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪነሳ መጠበቅ፣ ከጋራዥ ፕሮፎርማ ማምጣት፣ መርማሪ እስኪያይ መኪናውን ማቆም ሲደመሩ፣ አንድ በር የሚያስቀባ ሰው ከመድን ድርጅቱ የሚያገኘው ከድካሙ አይበልጥም። ብዙዎቹ ግጭቶች በመንገድ ዳር በስምምነት የሚያልቁት በዚህ ስሌት ነው። የስምምነቱ ድክመት በዚያች ቅጽበት የሚገመተው ጭረቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከባምፐሩ ጀርባ የተሰበረው መያዣና የተጣመመው የመብራት ማቀፊያ የሚገኙት ጋራዥ ሲፈታ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሌላው ወገን ስልክ አያነሳም።

መኪናን ከጋራዥ ሲረከቡ ሊታይ የሚገባውም ከዚሁ ይከተላል። ቀለሙን ፊት ለፊት ማየት ብዙም አይጠቅም፤ በሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ በጎን ሲመለከቱት የሚንጸባረቀው የሕንጻ መስመር ከተወዛወዘ ስቱኮው አልተስተካከለም። በሩ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ሊሆን ይገባል፤ የጎማ ማኅተሙ ሥርም የቀለም ጠርዝ እንደ መሰላል ደረጃ ሊቆም አይገባም። ያገለገለ መኪና ገዢዎች በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘው የሚዞሩት ስቱኮ የበዛበት ቦታ ማግኔቱን ስለማይስብ ነው፤ የቀለም ውፍረት የሚለካው ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ይህንኑ በቁጥር ይነግራል፤ 130 ማይክሮን ፋብሪካውን፣ ከ250 በላይ ዳግም ቅብን፣ ከ1,000 በላይ ስቱኮን ያመለክታል። ይህ መሣሪያ እየተለመደ ሲሄድ የታችኛው ሥራ ዋጋ ማግኘቱ የሚጠበቅ ነው፤ ባለ መኪናውም በርክክብ ዕለት ቢጠቀምበት እንጂ ለገዢ ብቻ ሊተወው አይገባም።

አዲስ አበባን እየሞሉ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚህ ሥራ ላይ የራሳቸውን ግዴታ አምጥተዋል። ማንኛውም ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ትንሹ ባትሪ መነቀል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መስመር ደግሞ በሠለጠነ ሰው መቋረጥ አለበት፤ ከባምፐሩ ጀርባ ራዳር ባላቸው ሞዴሎች ላይ ስቱኮም ሆነ ተደራራቢ ቀለም ሞገዱን ስለሚያደበዝዝ አምራቾች በዚያ ቦታ ጥገናን ይገድባሉ ወይም ይከለክላሉ። የማድረቂያው ሙቀትም እንዲሁ የተገደበ ነው፤ ዋናው ባትሪ ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ መኪናው በሞቀ ክፍል ውስጥ የሚቆይበት የሙቀት መጠንና ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ተወስኗል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና በር የሚቀባ ጋራዥ በሩን ነቅሎ ለብቻው ማድረቅ፣ የተጠገነውን ቦታ ብቻ የሚያሞቅ መብራት መጠቀም፣ ወይም ቀለሙን በዝቅተኛ ሙቀት ረዘም ላለ ሰዓት መተው ይኖርበታል፤ እስካሁን በደንበኛው ትዕግሥት ላይ ብቻ የተንጠለጠለው የማቆያ ጊዜም በዚህ መኪና ላይ የአምራቹ ትእዛዝ ሆኖ በፕሮፎርማው ላይ ሊጻፍ የሚችል ሆኗል።